የጋሽ አያወጣም መጋረጃ

ሰውየው ወላጆቹ የሰጡት ደህና ስም አለው። መታወቂያው ላይ ተጽፏል፤ ከመታወቂያው ውጭ ግን የሚጠራበት የለም። ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው «ጋሽ አያወጣም» ብሎ ነው። ስሙን ያገኘው ከገዛ አፉ ነው። ሥራው ኤሌክትሪክ ጊታር መጠገን ነው። አንድ ሰው ውድ ጊታር ተሸክሞ ወደ ሱቁ ሲገባና ስንት እንደገዛው በኩራት ሲናገር፣ ገና ሻንጣው ሳይከፈት፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ ያደርግና «ይሄ? አያወጣም» ይላል። ሰላምታው ይኸው ነው። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይከፋዋል፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ተመልሶ የሚወጣም አለ። የወጣውም ቢሆን ሩቅ አይሄድም፤ በአካባቢው ከእሱ የተሻለ ጠጋኝ ስለሌለ ከሰዓት በኋላ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

ሱቁ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው በር ላይ የሚቀርበት ዓይነት ነው። ግድግዳው ላይ አንገታቸው የተሰበረ፣ ሆዳቸው የተከፈተ፣ ክራቸው የተበጠሰ ጊታሮች ተሰቅለዋል። ጠረጴዛው ላይ መበየጃው፣ ሞረዱ፣ የተጠቀለለ ሽቦና በሻይ ብርጭቆ የተሞሉ ትናንሽ ብሎኖች አሉ። አንድ ቀን ከሐሳቡ ጋር ሲሟገት የብሎኑን ብርጭቆ ሻይ መስሎት ከንፈሩ ድረስ አድርሶታል። ይህንን እኛ የምናውቀው ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩ በዓይኑ ስላየና ለማንም ላይናገር ስለማለ ነው።

ሱቁን ለሁለት የሚከፍል መጋረጃ አለ፤ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ወፍራም ጨርቅ። የሰፋችለት ሚስቱ ናት። እሷ ከአጠገቡ ባለችው ጠባብ ሱቅ ክር፣ ዚፕና ቁራጭ ጨርቅ ትሸጣለች። መጋረጃውን የሰቀለችው የባሏን ዝርክርክ ዕቃ ከደንበኛ ዓይን ለመደበቅ ነበር። እሱ ግን የክርክር መፍቻ አደረገው።

ነገሩ እንዲህ ነው። «አያወጣም» መባሉ ያንገበገበው ደንበኛ ሙግት ሲጀምር፣ ጋሽ አያወጣም ድምፁን ከፍ አያደርግም። በርጩማውን ከመጋረጃው ፊት ያስጠጋና «ተቀመጥ» ይለዋል። ከዚያ የሰውየውን ውድ ጊታር በአንድ እጁ፣ ከግድግዳው ላይ ያወረደውን ርካሽ ጊታር በሌላው ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ይገባል። በአንድ አምፕሊፋየር፣ አንድ ዓይነት ዜማ፣ በየተራ ይጫወትባቸዋል። ከዚያም «በል እንግዲህ፣ ያንተ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውየው ይገምታል፤ ብዙውን ጊዜ ይስታል።

የባንክ ሥራ አስኪያጁ ታሪክ እስከ ዛሬ ይወራል። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን እየነቀነቀ ከሰማ በኋላ፣ የመጀመሪያው የእኔ ነው፣ ድምፁን ከሺህ ጊታር መሐል እለየዋለሁ አለ። መጋረጃው ሲገለጥ የመጀመሪያው ጊታር ሆዱ ላይ የካርቱን ሥዕል የተለጠፈበት፣ አንድ ተማሪ ጥሎት የሄደ ጊታር ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ጊታሩን አንጠልጥሎ ወጣ። በማግስቱ ወንድሙን ይዞ መጣ፤ ብቻውን መዋረዱ ስላልተዋጠለት ወንድሙም እንዲሞክረው ፈልጎ ነበር። ወንድሙም ሳተ፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ሄዱ።

አንድ ነገር ግን ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። ጋሽ አያወጣም ከመጋረጃው ጀርባ እንደገባ ወዲያው አይጫወትም። መጀመሪያ ርካሹን ጊታር ያነሳና ይቃኘዋል። አንዱን ክር ያጠብቃል፣ ሌላውን ያላላል፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፣ እንደገና ያጠብቃል። ከፊት የተቀመጠው ሰው ይህን እንደ መሰናዶ ነው የሚቆጥረው። ጋሽ አያወጣም ይህን የሚያደርገው ለማጭበርበር ብሎ አይደለም፤ እውነቱን ለመናገር እሱም ራሱ ይህን ማድረጉን አያውቀውም። ከቅኝት የወጣ ጊታር ሲሰማ ጥርሱን የሚያመው ሰው ነው። በአንድ ዘመዱ ሠርግ ላይ፣ ሙዚቀኛው እየተጫወተ ሳለ ከወንበሩ ተነስቶ መድረክ ላይ ወጥቶ የልጁን ጊታር ቃኝቶለት ተመልሶ ተቀምጧል። ሚስቱ ያን ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። እሱ ግን ምን እንዳጠፋ እስከ ዛሬ አልገባውም።

አንድ ልጅ አለችው። ቁመቷ እሱን ካለፈ ዓመታት ቢሆነውም እሱ ሚጣ እያለ ነው የሚጠራት። ጊታር መጫወት የተማረችው ከጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብላ፣ የወደቀ ብሎን እየለቀመችለት ነው። እጇ ጊታር ለመያዝ ሲደርስላት አባቷ የራሷን ሠራላት። ገላው ከአሮጌ ቁምሳጥን በር ተቆርጦ የወጣ ነው። አንገቱ ወድቆ ከተሰበረ ጊታር የተረፈ ነው። መቃኛዎቹ፣ ክር የሚያጠብቁት እነዚያ ራስጌ ላይ ያሉት ትናንሽ መዘውሮች፣ ከሦስት የተለያዩ ጊታሮች የተለቀሙ ናቸው። «ቅይጧ» ብለው ሰየሟት። ቅይጧ ድምፅዋ ደስ ይላል፤ ማንም አይክድም። አንድ አመል ግን አለባት። ሦስተኛዋ ክር ትሸሻለች። ቃኝተዋት ጥቂት ከተጫወቱባት በኋላ መቃኛዋ ቀስ እያለ ይላላና ድምፅዋ ይወርዳል። ጋሽ አያወጣም መቃኛውን ስንት ጊዜ ቀይሯል፣ ሞርዷል፣ በይዷል። ሦስተኛዋ ክር አመሏን አልተወችም።

ሚጣ አሁን ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ትኖራለች፤ ልጆችን ጊታር እያስተማረች ራሷን ችላለች። ሐሙስ ሐሙስ ግን ቅይጧን በጀርባዋ አዝላ ወደ አባቷ ሱቅ ትመጣለች። «አባዬ፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ሸሸች» ትላለች። እሱ «ነይ እስቲ፣ ምን ሆና ነው?» ይላል፤ በየሳምንቱ አዲስ በሽታ የመጣባት ይመስል። ከዚያ እሷ ቁጭ ብላ ትጫወታለች፣ እሱ አጠገቧ ቆሞ፣ ጨዋታዋን ሳያስቆማት፣ መቃኛውን እየጠመዘዘ ያስተካክላል። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ስለለመዱት አንዳቸው የአንዳቸውን እጅ አይነኩም፣ አይጋጩም። ሻይ ይጠጣሉ፣ ሰው ያማሉ፣ ይስቃሉ። ረቡዕ ማታ ጋሽ አያወጣም ፂሙን ይላጫል። ለምን ረቡዕ እንደሚላጭ ተጠይቆ ምክንያቱን ተናግሮ አያውቅም።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ሚጣ ሁለት ሻንጣ ይዛ መጣች።

በዚያ ሰሞን አንድ የሆቴል አዳራሽ ባንድ በጊታር እንድትሞክርለት ጠርቷት ነበር። የመጀመሪያው ምሽት ሠርግ ነበር፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የመድረኩ መብራት ሲግል፣ ሕዝቡ ሲጨፍር፣ ሚጣም ለብቻዋ የምትጫወትበት ቦታ ሲደርስ፣ ሦስተኛዋ ክር ሸሸች። በዜማው መሐል ማቆም አይቻልም፤ ያችን ክር እየዘለለች፣ እየሳቀች፣ ትከሻዋን እየነቀነቀች እንደምንም አሳለፈችው። የባንዱ መሪ ደግ ሰው ነው። ከፕሮግራሙ በኋላ ጎን ወስዶ፣ እጅሽ ወርቅ ነው፣ ጊታርሽ ግን አንድ ቀን ሁላችንንም ያዋርደናል፤ ቦታውን እይዝልሻለሁ፣ አንቺ ደግሞ የሚያስተማምን ዕቃ ያዢ አላት። ይህን የሰማ አንድ አንጋፋ ጊታር ተጫዋች፣ ጣቶቹ አልታዘዝ ስላሉት መጫወት ያቆመ ሰው፣ በወጣትነቱ ብዙ ለፍቶ የገዛውን ጊታር ሊሸጥላት ፈቀደ። ለሌላ ሰው አልሸጥም ብሎ የኖረ ነው፤ ለእሷ ግን ሞክሪው ብሎ አስይዟት ሄደ። ዋጋው ከባድ ነው። ሚጣ ያንን የሚያህል ገንዘብ አጠራቅማለች። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ሁለተኛውን ሻንጣ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ጋሽ አያወጣም መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ።

«አያወጣም» አለ።

«ገና አልከፈትኩትም እኮ፣ አባዬ።»

«ሻንጣው ራሱ ያስታውቃል።»

ከፈተችው። ጊታሩ ጥቁር ቡኒ ሆኖ ጠርዙ ላይ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ብዙ ዓመት በጥንቃቄ የተያዘ ዕቃ ነበር። ጋሽ አያወጣም ሊነካው እጁን ዘረጋና በመሐል ሐሳቡን ቀየረ። ሁለት እጆቹን የሽርጡ ኪስ ውስጥ ከተተ። ስለ ሠርጉም፣ ስለ ባንዱ መሪም፣ ስለ አንጋፋውም ሰውዬ ሁሉንም ነገረችው። እሱ የመለሰው ስለ ሠርጉ አልነበረም። ቅይጧ ምን ጎደላት? በድምፅ ከየትኛው ታንሳለች? ያንን ሁሉ ገንዘብ ለቀለምና ለስም መክፈል ምን ይባላል? አፉ እንደ ልማዱ ይሮጣል፤ እጁ ግን ከኪሱ አልወጣም።

ሚጣ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ገንዘቡ የራሷ እንደሆነና ፈቃድ ልትጠይቅ እንዳልመጣች ነገረችው። «ግን ያንተ ምርቃት ሳይኖርበት ይዤው መድረክ አልወጣም» አለች። «አሥር ጊታር ብገዛ ልቤ እዚህ ነው የሚቀረው። ስለዚህ መጋረጃው ይፍረደን።»

ጋሽ አያወጣም ፊቱ በራ። መጋረጃው እኮ የእሱ ነው፤ አንድም ቀን አሳፍሮት አያውቅም። በርጩማውን አንስቶ ከመጋረጃው ፊት አስቀመጠላትና «ተቀመጪ» አላት።

«አይ፣ በዚህኛው ፍርድ አንተ ነህ የምትቀመጠው» አለች። «ከኋላ የምገባው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት፤ እስከዚያ አስብበት።»

ይህን ጊዜ ፀጉር አስተካካዩ፣ ደንበኛውን ግማሽ ራሱን ላጭቶ ትቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው፤ ወጥመዱን ቀድሞ የተረዳው እሱ ስለሆነ። ጋሽ አያወጣም ግን የተረዳው ሁሉም ከሄዱ በኋላ ነው። ቅዳሜ ከመጋረጃው ፊት ተቀምጦ ውዱን ከርካሹ ከለየ፣ «ልዩነት የለውም» እያለ ስንት ሰው ያሳፈረበት ትምህርቱ አፈር ይበላል። አልለየሁም ካለ ደግሞ፣ ስንት ዓመት ጊታር ሲጠግን የኖረው፣ ግድግዳ ማዶ ያለ ሬዲዮ ከጣቢያው በትንሹ ሲያፈነግጥ የሚሰማው ያ ጆሮ መሣቂያ ይሆናል። ለይቶም ዝም ቢል ውሸታም ነው። ወዲህ ቢሉት ገደል፣ ወዲያ ቢሉት ገደል። በገዛ መጋረጃው የተያዘ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

አርብ ቀን ሥራ አልሠራም ማለት ይቻላል። አንድ ደንበኛ የጊታር ክር ሊገዛ መጥቶ፣ ዋጋውን ሲጠይቀው፣ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ መለሰለት። ፀጉር አስተካካዩ ሊያበረታታው ገባ። «የሰው ልጅ በቃሉ ነው» አለው። «አባቶችስ ምን አሉ? ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።» ጋሽ አያወጣም ራሱን ነቀነቀ። በልቡም ወሰነ፤ ቅዳሜ፣ የሰማውን ቢሰማ፣ መለየት አልቻልኩም ይላል። ጆሮው ይዋረድ። ቃሉ ግን ይቆማል፣ ሚጣም ያንን ጊታር ትመልሳለች።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ሚስቱ ዝምታውን ስታየው ቆየች። እሷ ብዙ የምትናገር ሴት አይደለችም፤ ከተናገረች ግን መርፌ የሚገባበትን ቦታ ታውቃለች።

«አንተ የፈራኸው ጊታሩን አይደለም» አለችው። «ሐሙስን ነው። ያ ጊታር ካልተበላሸ ምን ብላ ትመጣለች ብለህ ነው የፈራኸው።»

ጋሽ አያወጣም ብርጭቆውን አስቀመጠ። ተነስቶ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ከአልጋ ሥር አየ፣ ከበር ጀርባ አየ፣ «የት አደረግሽው?» ብሎ ተቆጣ። ጫማው እግሩ ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሞላ፤ ከሁለት ሰው በላይ ስለማይችል የተረፈው በር ላይና በመስኮቱ ተንጠለጠለ። የባንክ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ወንድሙን ይዞ መጥቷል። ይህንን ቀን እንዴት እንደጠበቁት ከፊታቸው ይነበባል። ሚስቱ ከሱቋ በርጩማ አምጥታ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ አያወጣም ከመጋረጃው ፊት፣ ስንቱን ሰው ባስቀመጠበት ቦታ ተቀመጠ። ከዚያ ቦታ ሱቁን አይቶት አያውቅም ነበር። መጋረጃው ከፊት ሲያዩት እንዴት አስፈሪ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው።

ሚጣ ሁለቱን ጊታሮች ይዛ ገባች። አልቃኘችም። አባቷ ይህን ልብ አለና ቁና ቁና ተነፈሰ።

የመጀመሪያውን ተጫወተች፤ ልጅ ሳለች ያስተማራትን አጭር ዜማ። ቀጥላም ያንኑ ዜማ በሁለተኛው ደገመችው። እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጋሽ አያወጣም ገና ከመጀመሪያው ድምፅ ለይቷል። ቅይጧ ሁለተኛዋ ናት። ሰው የገዛ ሳሉን እንደሚያውቅ ያውቃታል። በድምፅ ውበት ግን፣ መቼም ይህን ሳያዳላ ነው የሚናገረው፣ ከውዱ የምታንስ አልነበረችም፤ የለየው ድምፅዋ ስላነሰ ሳይሆን ስለሚያውቃት ብቻ ነው። ስለዚህ ደስ አለው። ያዘጋጀውን ውሸት በአፉ ይዞ ጥያቄውን ጠበቀ።

ጥያቄው አልመጣም። ሚጣ መጫወቷን ቀጠለች።

ሁለተኛዋን ጊታር ሳታስቀምጥ ሌላ ዜማ ጀመረች፤ ከዚያ ሌላ። ሠርግ ላይ የሚጫወቱትን ሞቅ ያለውን ጀመረች፤ በር ላይ የቆሙት ማጨብጨብ ጀመሩ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጁ ወንድም ትከሻውን መወዝወዝ አበዛ። የጋሽ አያወጣም መጋረጃ ስንት ዓመት ሲፈርድ አንድም ጊዜ ይህን ያህል ረጅም ጊዜ ፈርዶ አያውቅም፤ የእሱ ፍርድ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ነበር። እሷ ግን አዳራሽ ውስጥ እንዳለች ሁሉ ትጫወታለች። እሱ በርጩማው ላይ ሆኖ አንድ ነገር መጠበቅ ጀመረ። እንዳይመጣም ጸለየ።

መጣ። ሦስተኛዋ ክር መሸሽ ጀመረች። መጀመሪያ እሱ ብቻ የሚሰማው ትንሽ ነገር ነበር፤ የጥርስ ሕመም ሲጀምር ዓይነት። ጥርሱን ነከሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ክሯ ትንሽ ወረደች። በርጩማው ጠበበው። አሁን ሚስቱም ሰማችው፤ ቀና ብላ አየችው። ሚጣ ያችን ድምፅ እየዘለለች ትጫወታለች፤ እዚህ ጋ መዝለሏን፣ እዚያ ጋ ማለፏን፣ ጣቷ የት እንደፈራ ሁሉንም ሰማ። ያ ለብቻዋ የምትጫወትበት ቦታ እየደረሰ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ጋሽ አያወጣም ሲያደርገው አላወቀውም ብንል ይታመናል። ዓይኑን እንደጨፈነ ከበርጩማው ብድግ አለ። አንድ እርምጃ ተራመደ። እጁን በመጋረጃው መክፈቻ አሾለከ፣ የቅይጧ ራስ የት እንደሚሆን ሳያይ ያውቃል፣ ሦስተኛዋን መቃኛ በሁለት ጣቱ ይዞ ጠመዘዘ። ክሯ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሚጣም አላቆመችም። እንደ ሐሙሱ ሁሉ፣ እጁ ራስጌ ላይ፣ የእሷ ጣቶች ከሥሩ፣ ሳይጋጩ፣ ያን ለብቻ የሚጫወቱትን ቦታ ከዳር እስከ ዳር ወጣችው።

መጀመሪያ የሳቀው አሁንም ፀጉር አስተካካዩ ነው። ከዚያ ሱቁ በሙሉ ፈነዳ። ሰውየው ለየሁ አልለየሁም ሳይል እጁ ሄዶ ርካሹን ጊታር በአደባባይ ይዞ ተገኝቷል። የባንክ ሥራ አስኪያጁ ወንድሙን አቅፎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚህ የበለጠ ካሣ ማንም አልተከፈለም።

ጋሽ አያወጣም ግን እጁን አልመለሰውም። ሳቁ እስኪበርድ መቃኛዋን እንደያዘ ከመጋረጃው ወዲህ ቆሞ ቀረ። ዓይኑን ሲገልጥ ያየው ጨርቁን ብቻ ነው። አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ የጋለ መብራት፣ ልጁ መሐል ላይ ቆማ፣ ሦስተኛዋ ክር ስትሸሽ ታየው። ያን ምሽት ከየትም የመጣ እጅ አልነበረም። እሱ ያን ሰዓት እቤቱ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ነበር።

«ሚጣ» አለ በመጋረጃው በኩል። «የዚያን ቀን፣ ሠርጉ ላይ፣ ስንቴ ሸሸችብሽ?»

«እኔንጃ አባዬ። ብዙ ጊዜ።»

«ፈርተሽ ነበር?»

ቅይጧን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «በጣም። በሳቅ ነው ያሳለፍኩት።»

ጋሽ አያወጣም መጋረጃውን በሌላ እጁ ገለጠው። ቅይጧን ከጭኗ ላይ አንስቶ ለሚስቱ ሰጣት። ግድግዳው ላይ ተደግፎ የቆመውን ውዱን ጊታር፣ ከሐሙስ ጀምሮ ሊነካው ሲፈልግና ሲከለክለው የነበረውን፣ አነሳ። አልጠመዘዘም፣ አልቃኘም። አንድ በአንድ ክሮቹን ነካ። እንዳሉ ነበሩ፤ አንዲትም አልተነቃነቀች።

«በድምፅ ቢሆን አያወጣም» አለ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ይሄን አሁንም እላለሁ፤ የፈለገ ይምጣና ይቀመጥ። ግን እኔ ባንቺ ጀርባ በየአዳራሹ እጄን አሾልኬ መቆም አልችልም። ይሄ ጊታር የኔን እጅ ይተካልሻል። ያወጣል። ተባርኮልሻል፣ ልጄ።»

ሚጣ ተነስታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። የሚያለቅስ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ አንናገርም፣ ሽርጥ የለበሰ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ነገሩ እንዳይከብድበት ብሎ ያችን የአባቶች ተረት አስታወሰው፤ ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ አልተባለም ወይ አለው። ጋሽ አያወጣም አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ።

«ያንን የተረተው ሰው ልጅ አልነበረውም» አለው።

የባንክ ሥራ አስኪያጁ ዕድሉ የመጣ መስሎት፣ እንግዲያው የእኔም ጊታር ያወጣል ማለት ነው ብሎ ጠየቀ። ጋሽ አያወጣም መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋና ከእግር እስከ ራሱ አየው። አንተ እሁድ እሁድ ሳሎንህ ውስጥ ለሚስትህ ነው የምትጫወተው፣ ሦስተኛዋ ክር ብትሸሽ ሚስትህ ናት የምትሰቃየው፣ ያንተ አያወጣም አለው። ስሙም ስለዚህ ሳይቀየር ቀረ። ሰፈሩ ለጥቂት ቀን «ጋሽ ያወጣል» ሊለው ሞክሮ ነበር፤ ለአፉ አልተመቸውም።

ሚጣ ጊታሩን ገዛች፣ ባንዱም ውስጥ ገባች። አባትና እናቷን ጠርታ አንድ ምሽት ከዳር እስከ ዳር ተጫወተች። ጋሽ አያወጣም ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ነው ያመሸው፤ ሚስቱ ደግሞ እንዳይነሳ ኮቱን ይዛ። የሚያስነሳ ነገር ግን አልመጣም። ቅይጧ ለእሱ ቀረች፤ ከጠረጴዛው በላይ፣ እጁ በሚደርስበት ቦታ ሰቀላት።

በሳምንቱ ረቡዕ ማታ ፂሙን ሊላጭ ምላጩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ሐሙስ ጠዋት ሱቁን ከፈተ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀዳ፣ ሁለተኛውን ብርጭቆ አይቶ ወደ ጎን ገፋው። ከዚያ የማንም ያልሆነ ሽቦ መፍታትና መጠቅለል ያዘ። ደንበኛ ገብቶ ሰላም ሲለው «አያወጣም» እንኳ አላለውም። እንዲህ ሲል ረፈደ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ሚጣ ናት። በጀርባዋ ምንም አላዘለችም።

ጋሽ አያወጣም ደንግጦ ተነሳ። «ምነው? ጊታሩ ምን ሆነ? ተሰበረ እንዴ?»

«ምንም አልሆነም» አለች።

«ክሩ ነው? መቃኛው?»

«ደህና ነው አባዬ። እቤት ነው የተውኩት።»

«ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

ሚጣ በርጩማውን ስባ ከጎኑ ተቀመጠች። ቅይጧን ከግድግዳው ላይ አውርዳ ጭኗ ላይ አደረገች፣ ሦስተኛዋን ክር ነካ አደረገቻት፤ ሸሽታለች።

«ሐሙስ ነው እኮ» አለችው።

እሱም ያልተላጨ አገጩን እያሻሸ፣ መቃኛዋን በሁለት ጣቱ ያዘ።